የአርባ ስምንት ቀን ሽማግሌዎች

«አይሆንም» አለች ኢዶዉ፤ ብልቃጡን እንደገና ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገችው።

ዝንቦቹ ታች ረገፉ። ሦስት ቆጥራ ሳትጨርስ ተግተልትለው ወደ ላይ ወጡና ከጥጡ ክዳን ሥር ተኮለኮሉ። ደግማ መታች፤ ደግመው ወጡ። አርባ ስምንት ቀን የሞላው የፍራፍሬ ዝንብ እንዲህ አያደርገውም። በእነሱ ዕድሜ አርባ ስምንት ቀን ማለት ምርኩዝ የሚያስይዝ እርጅና ነው። እነዚህ ግን የእረፍት ደወል የተደወለላቸው የሰባተኛ ክፍል ልጆች ነበር የሚመስሉት። ታች ገንፎው ላይ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

«እነሱ ጠግበው ነው» አለ አብሯት የሚሠራው ዱንሲን። የባዮሎጂ ክፍሉ መስኮት ላይ ተቀምጦ የተጠበሰ ሙዝ ከወረቀት እያወጣ ይበላል። «አንቺን ደግሞ ምንድን ነው ደስ የሚያሰኝሽ? ግራዋው ሠራ እኮ! አቦ በቃ፣ ሠራ!»

«ከመቶው ዘጠና አራቱ በሕይወት አሉ? የእኔዎቹ ሠላሳ ሰባት ቀርተው?»

«የአንቺዎቹ ግራዋ አልበሉማ!»

ኢዶዉ ወደ ብልቃጡ ዞረች። ከመንታ ቀጥላ በመወለዷ ነው ኢዶዉ የተባለችው። ከመንታ ቀጥሎ የሚወለድ ልጅ ግትር ነው ስለሚባል፣ አንድ ነገር ይግባኝ ባለች ቁጥር ሰው ሁሉ በስሟ ያሳብባል። ስለዚህ እርግጠኛ ሳትሆን አፏን አለመክፈት ልማዷ ነበር። ማንም ግን ይህን ልማዷን አይቶ ትዕግሥተኛ ናት ብሎላት አያውቅም።

ሥራው ሲጀመር ዝንቦቹ ሁለት መቶ ነበሩ፤ አሥር ብልቃጥ። ግማሾቹ ከበቆሎ፣ ከስኳርና ከእርሾ የተሠራ ተራ ገንፎ ይበላሉ። ግማሾቹ ደግሞ በዚያው ገንፎ ውስጥ የግራዋ ጭማቂ ይጨመርላቸዋል። ከተማቸው ኢባዳን ውስጥ ግራዋን በወጥ የማይበላ፣ ጨምቆም ለሆድ ነው፣ ለስኳር ነው፣ ለወባ ነው ብሎ የማይጠጣ የለም። ያረጀ ገላን ይረዳ እንደሆነ ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ማንም ሞክሮ አያውቅም ነበር። ገንፎውን በየሦስት ቀኑ ያማሰለችው ኢዶዉ ናት። ዱንሲን ለዝንቦቹ ስም አወጣ።

ፈተናው ሦስት ነበር። አንደኛው የጡንቻ ነው፤ ብልቃጡ ሲመታ ስንቱ ወደ ላይ ይወጣል? ሁለተኛው የአንጀት ነው፤ ዝንቦቹ ሰማያዊ ቀለም የገባበት ገንፎ በልተው ያድራሉ። አንጀቱ ደህና የሆነ ዝንብ ሆዱ ብቻ ሰማያዊ ይሆናል፤ አንጀቱ የሚያፈስ ግን ቀለሙ ወጥቶ ከራሱ እስከ እግሩ ሰማያዊ ይሆናል። ሦስተኛው የአንጎል ነው፤ ሁለት መንገድ ባለው ቱቦ ውስጥ ስንቱ የበሰለ ሙዝ ወዳለበት ይሄዳል?

ይህን ሁሉ ያስተማሯቸው ዶክተር ቲጃኒ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው የዝንብ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ሲሆኑ፣ ባለፈው ወሰነ ትምህርት ትምህርት ቤታቸው መጥተው ነበር። «አንድ ዝንብ አንድ ዕድሜ ብቻ ያለው እንዳይመስላችሁ» አሉ ያን ቀን። «የአንጀቱ ሕዋሳት እየሞቱ በአዲስ ይተካሉ፤ ሲያረጅ መተካቱ ይዛባና ግድግዳው ማፍሰስ ይጀምራል። የጡንቻው ሕዋሳት ይደክማሉ። የአንጎሉ ደግሞ አብዛኞቹ አብረውት የኖሩት ናቸው፤ እነሱም በራሳቸው መንገድ ያረጃሉ። በአንዱ ትንሽ ገላ ውስጥ አንዱ ሽማግሌ ነው፣ ሌላው ገና ጎልማሳ።» ኢዶዉ ወደፊት ምን መሆን እንደምትፈልግ የወሰነችው ያኔውኑ ነው። ዓርብ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ በሚደረገው የተማሪዎች ዐውደ ርዕይ ያሸነፉ ሁለት ተማሪዎች ረጅሙን እረፍት በዶክተሯ ቤተ ሙከራ ያሳልፋሉ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር የተመኘችበት ቀን ትዝ አይላትም።

ከዚያ የፋሲካ እረፍት መጣ፤ ብልቃጦቹን ለሁለት ተካፈሉ። ኢዶዉ የእሷን አምስት በካርቶን አድርጋ አያቷ ጋ ኢሴዪን ይዛቸው ሄደች። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ ካርቶኑን አይተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ኢሴዪን ዝንብ ያጣች መስሎሽ ነው ከኢባዳን የምትጭኚላት?» ብለው ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቁባት። ቢሆንም በየሦስት ቀኑ ወደ አዲስ ብልቃጥ አዛወረቻቸው። አለማዛወር አይቻልም። ዝንቦቹ ገንፎው ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ አሮጌው ብልቃጥ በጊዜው ካልተጣለ በአሥር ቀን ውስጥ ልጆቻቸው አድገው ይወጡና ከወላጆቻቸው ጋር ይቀላቀላሉ። ከዚያ በኋላ የትኛው ሽማግሌ፣ የትኛው ጎረምሳ እንደሆነ ማን ይለያል? ዱንሲንም የግራዋዎቹን አምስት ይዞ «አታስቢ» ብሏት ነበር። ዱንሲን አታስቢ ሲል ማሰብ እንዳለባት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ታውቃለች።

ሰኞ ከግራዋዎቹ ሃያ አውጥተው ሰማያዊ ገንፎ ሰጥተው አሳደሯቸው፤ ማክሰኞ ፈተኗቸው። ሃያውም ወጡ። ሃያውም ሆዳቸው ብቻ ሰማያዊ ሆነ። ከሃያው አሥራ ዘጠኙ ሙዙን አገኙት።

«ጡንቻም፣ አንጀትም፣ አንጎልም» አለች ኢዶዉ። «ሦስቱም እኩል? ዶክተሯ ምን እንዳሉ ረሳኸው? እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ እርጅና አለው ነው ያሉት። አንጀቱን አድኖት ቢሆን፣ እሺ። ሁሉንም አንድ ላይ የሚያድን ነገር አለ?»

«ግራዋ አለ።»

«ዱንሲን፣ ብልቃጦቹን ቀይረሃል አይደል? በየሦስት ቀኑ?»

«ቀይሬያለሁ አልኩሽ እኮ! ደብተሩን እይው።» ደብተሩ ላይ በእርግጥ ተጽፏል፤ ቀኑም፣ ቁጥሩም፣ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ቆንጆ ጽሑፍ። የሁለት ሳምንት ማስታወሻ አንዲት የገንፎ ነጠብጣብ እንኳ አልነካችውም። የኢዶዉ ደብተር ግን ገንፎ የተበላበት ሳህን ነበር የሚመስለው። «ችክ አትበይብኝ አሁን» አለና ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ረቡዕ ጠዋት ወሬው ትምህርት ቤቱን ሞልቶት ነበር። የባዮሎጂ መምህሩ ሚስተር ላዎዬ፣ በሰልፉ ላይ ማይክሮፎኑን ይዘው ግራዋ እርጅናን እንዳሸነፈ አወጁ። እሳቸው ራሳቸው ሰኞ ማታ መጠጣት ጀምረዋል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ደረጃ ሲወጡ የሚንቋቋው ጉልበታቸው ዝም አለ። ርዕሰ መምህሯም ጀምረዋል። ከቀትር በፊት በግቢው ዙሪያ ካለው የግራዋ አጥር ላይ ቅጠል የሚባል ነገር አልቀረም፤ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ እያኘኩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ከወዲሁ ምን እርጅና እንዳስፈራቸው እንጃላቸው።

ኢዶዉ በምሳ ሰዓት ወደ መምህራን ክፍል ሄደች። ማረጋገጫ የላትም፤ ጥርጣሬዋን ግን ልትነግራቸው ቆርጣ ነበር። ሚስተር ላዎዬና ርዕሰ መምህሯ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ አረንጓዴ ጠርሙስ ይቀባበላሉ። እንደ ወጉ ሁለት ጉልበቷን መሬት አስነክታ ሰላምታ ሰጠች።

«መምህር፣ ስለ ዝንቦቹ አንድ ነገር ልነግርዎ—»

«ተመልከቱልኝ ይህችን ልጅ!» አሉ ሚስተር ላዎዬ። «ልታመሰግነኝ ነው የመጣችው። እነ እንትና ቢሆኑ ዞር ብለውም አያዩኝ። ቆይ፣ እንዳትነሺ! ልመርቅሽ።»

«መምህር፣ እኔ እንኳን—»

«ዝንብ የያዘ እጅሽ ወርቅ ይያዝ!»

ሽማግሌ ሲመርቅ አሜን አለማለት አይቻልም። «አሜን።»

«የጀመርሽው ሁሉ ይጠናቀቅልሽ!»

«አሜን። ግን መምህር—»

«በምርቃት መሀል ግን የለም! ስምሽ ከዚህ ግቢ አልፎ አቡጃ ይሰማ!»

«አሜን።»

«ባልሽ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያለው ይሁን!» አሉ ርዕሰ መምህሯም በበኩላቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እየተቀባበሉ መረቁ፤ ልጆቿን፣ የልጅ ልጆቿን፣ እናቷን፣ ኢሴዪን ያሉትን አያቷን። ኢዶዉ ጉልበቷ ሲሚንቶው ላይ እየደነዘዘ አሜን፣ አሜን ስትል ደወሉ ተደወለ። ሚስተር ላዎዬ የደብተሯን የመጨረሻ ገጽ ሳያነቡ ፈርመው ወደ ክፍል ላኳት። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ እንባዋ መጣ፤ የሐዘን ሳይሆን የንዴት። አንድ ዓረፍተ ነገር! አንድ ዓረፍተ ነገር ልታስጨርሳቸው አልቻለችም።

ያን ቀን ከትምህርት በኋላ ለዘጠና አራቱም፣ ለራሷ ሠላሳ ሰባትም ሰማያዊ ገንፎ ሰጠቻቸው። ሐሙስ ከሰዓት የግራዋዎቹን በበረዶ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ዝንብ ሲበርደው ይፈዝዛል። ከዚያ በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አየቻቸው። ማክሰኞ የፈተኗቸው ሃያዎች ለምን ሁሉም ጎበዝ እንደሆኑ አሁን ገባት። ክዳኑ ሲከፈት ቀድመው የሚወጡት ላይ ያሉት ናቸው። ያረጁት ታች ገንፎው ላይ ቀርተው ነበር። እነሆ አገኘቻቸው፤ ክንፋቸው ጫፍ ጫፉ የተቦጫጨቀ፣ ከፊሎቹም እስከ ራሳቸው ሰማያዊ የሆኑ። በቀጭን ብሩሽ ለብቻ አደረገቻቸው።

ዱንሲን የሠራውን ፖስተር ጠቅልሎ ሲገባ ቀና ሳትል፣ «አሥራ አንድ» አለችው። «ሽማግሌዎቹ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ሰማንያ ሦስቱ ክንፋቸው ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።»

«ምናልባት ግራዋው ክንፍም—»

«ዱንሲን!»

ፖስተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለአንድ አፍታ እንደልማዱ ቀልድ ሲፈልግ አየችው፤ አላገኘም።

«ለሦስት ቀን ነው ያሉን» አለ። «የአያቴ ቀብር፣ ኦግቦሞሾ ከተማ። ግን የዘጠና አንድ ዓመት ሰው ቀብር በሦስት ቀን ያልቃል? አንዱ አጎቴ ዘፋኝ ያመጣል፤ ሌላው ይቀናና የባሰ ዘፋኝ ያመጣል። ሁለት መቶ ዘመድ አንድ ዓይነት ጨርቅ ለብሶ ይጨፍራል፤ እኔን ወንበር ጠባቂ አደረጉኝ። አሥራ ሁለት ቀን፣ ኢዶዉ! ወንበር ስጠብቅ!»

«ብልቃጦቹስ?»

«አልጋዬ ሥር።»

«አልጋህ ሥር።»

«ስመለስ ጥቁር ብለው ነበር። ተመስገን አልሞቱም አልኩ። ከዚያ ስቆጥራቸው ሦስት መቶ ምናምን ሆኑ።»

«መቶ ዝንብ ሦስት መቶ ሲሆን ምን መሰለህ? ግራዋው አበዛቸው?»

«ትርፎቹን በመስኮት ለቀቅኳቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዘጠና አራት አስቀረሁ። መቶ ቢሆኑ አይታመንም ብዬ።»

ኢዶዉ ብሩሹን አስቀመጠች። መሳቅም መጮህም አማራት። አሥራ ሁለት ቀን የረሳ ሰው፣ ስድስት ዝንብ አጉድሎ ተዓማኒ ለመሆን ይጨነቃል! «ለምን አልነገርከኝም? ያን ቀን ብትነግረኝ ኖሮ የእኔዎቹ ነበሩ። በእነሱ ብቻ እንቀርብ ነበር። አሁን አገሩ ሁሉ ግራዋ እየጠጣ ነው!»

«ፈራሁሻ። ስትናደጂ እኮ አትቻይም» አለ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ። «ስሚኝ። ነገ ነው። አሁን ምን ልትይ ነው? ያንን ቤተ ሙከራ የምትፈልጊው አንቺ ነሽ፤ እኔ በእረፍቴ ኳስ ብጫወት ይሻለኛል። ዝም ካልን ትገቢያለሽ። አንዴ ከገባሽ በኋላ ትክክለኛውን ሥራ ትሠሪያለሽ። ማን ይጎዳል? ዝግ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

«ይህን ተረት አሁን፣ እዚህ፣ ለእኔ ትተርትብኛለህ?»

«ልክ አይደለሁም?»

የሚያናድደው ደግሞ ግማሹ ልክ መሆኑ ነው። ትፈልገዋለች። ያንን ቤተ ሙከራ ከማንም በላይ ትፈልገዋለች፤ ለእሱም ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም፤ ዝም ማለት ብቻ። «ውጣልኝ» አለችው። ሲወጣ ፖስተሩን ትቶላት ሄደ። ስትዘረጋው በትልልቅ ቀይ ፊደላት «ግራዋ እርጅናን ድል ነሳ!» ይላል።

አሥራ አንዱን ለብቻ ፈተነቻቸው። ሁለት ወደ ላይ ወጡ። አምስቱ ከራስ እስከ እግር ሰማያዊ ነበሩ። ስምንቱ ሙዙን አገኙት። የራሷን ሠላሳ ሰባትም ፈተነች፤ ስምንት ወጡ፣ አሥራ ስድስቱ ሰማያዊ፣ ሃያ ሰባቱ ሙዙን አገኙት። ሂሳቡን ሠራችው፤ ያው ነው። ግራዋው ምንም አላደረገም። ጡንቻቸው አስቀድሞ ከድቷቸዋል፣ አንጀታቸው ግማሽ መንገድ ላይ ነው፣ አፍንጫና አንጎላቸው ግን ገና አልተበገረም። ዶክተሯ ያሉት ማለት ነው፤ በአንድ ገላ ውስጥ ሦስት ዕድሜ። ለብዙ ጊዜ ቁጥሮቹን ስታይ ቆየች። አጓጊ አይደሉም፤ በቀይ ፊደል የሚጻፉም አይደሉም። ግን እነዚህን ቁጥሮች ወደደቻቸው፤ መውደዷ ራሱ አበሳጫት።

ዓርብ አዳራሹ በተማሪ ተጨናንቋል። ሚስተር ላዎዬ ለዕለቱ ብለው ሰፊውን ነጭ አግባዳቸውን ለብሰው፣ ከጠረጴዛቸው ጀርባ ከርዕሰ መምህሯ ጋር ቆመዋል። ፖስተሩ ተሰቅሏል። ዱንሲን ያለማቋረጥ ያወራል፤ ሰው ይስቃል፤ ሁለት ወላጆች የግራዋውን አጨማመቅ በወረቀት ጽፈው ሄዱ። ኢዶዉ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቆማለች። ጠዋት በር ላይ ዱንሲን «ዝም እንላለን አይደል?» ሲላት አልመለሰችለትም ነበር፤ እሱ እሺ ማለቷ መሰለው።

ዶክተር ቲጃኒ ሲመጡ ዱንሲን አንድ በአንድ አስረዳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ፖስተሩን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሦስቱም እኩል ተሻላቸው? ጡንቻውም፣ አንጀቱም፣ አንጎሉም?»

«ሦስቱም፣ ዶክተር!»

«እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም» አሉ ዶክተሯ፤ ያዩትን እየጻፉ። «እውነት ከሆነ በእኛ ቤተ ሙከራ ተደግሞ መታየት አለበት። በእረፍቱ እናንተው መጥታችሁ ትደግሙታላችሁ።»

ሚስተር ላዎዬ «ተመስገን!» ብለው ሲያጨበጭቡ አግባዳቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተ። ዱንሲን በክርኑ ጎሰም አደረጋት። ገብታለች ማለት ነው። የፈለገችው ነገር ጠረጴዛው ላይ፣ እጇ የሚደርስበት ቦታ ላይ ተቀምጦላታል።

ኢዶዉ ሁለት ብልቃጥ ከኪሷ አውጥታ ዶክተሯ ፊት አስቀመጠች።

«ዶክተር፣ እነዚህ አሥራ አንዱ የሃምሳ ሁለት ቀን ሽማግሌዎች ናቸው» አለች። «እነዚህ ሰማንያ ሦስቱ ደግሞ ልጆቻቸው። ዕድሜያቸው ቢበዛ አንድ ሳምንት ቢሆን ነው። ግራዋው ምንም አልሠራም። የአሥራ አንዱ ውጤት እዚህ ደብተር ላይ አለ፤ ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው።»

«ኢዶዉ!» አሉ ሚስተር ላዎዬ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ረቡዕ ልነግርዎ መጥቼ ነበር፣ መምህር።»

ዶክተር ቲጃኒ ብልቃጦቹን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን አዩ። ርዕሰ መምህሯ ጠርሙሳቸውን ቀስ ብለው ወደ ቦርሳቸው መለሱት።

«ስንት ቀን ሳይቀየሩ ቆዩ?» አሉ ዶክተሯ።

«አሥራ ሁለት።»

«ማን ጋ ነበሩ?»

ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ከትናንት ጀምሮ በዚህ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ጮክ ብላ ልትጠራው አምሯታል። ዱንሲን ጫማውን ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል። ዶክተሯ ይጠብቃሉ፣ መምህሩ ይጠብቃሉ፣ ከጎን ጠረጴዛ ያሉ ልጆች ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገዋል። የዝንቦቹን ተናግራለች። ይህኛው ግን የእሷ አይደለም፤ የባለቤቱ ነው።

ኢዶዉ እጆቿን አጣጥፋ ወደ ዱንሲን ዞረች፤ እስኪናገር ድረስ፣ ምንም ያህል ቢቆይ፣ ልትጠብቀው።